በደጋ ክለብ የቀረበ አንድ ገበታ

ረሻድ ላሬቦ ከቤቱ ውጭ አይበላም። ይህን የማያውቅ የሆሳዕና ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ሠርግ ሲጠራ ይሄዳል፤ ከፊት ተቀምጦ ይመርቃል፣ ሲጨበጨብም ያጨበጭባል፤ ትሪው ሲመጣ ግን እጆቹን ኪሱ ከትቶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ለቅሶ ቤት ሲውል ንፍሮ እንኳ አይቀምስም። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ በአላህ ቢሉት "ጠግቤ ነው የመጣሁት" ከማለት ሌላ መልስ የለውም። በሆዱ የሚታማ ሰው ብዙ አይተናል፤ ባለመብላቱ የሚታማ ግን እሱን ብቻ ነው የምናውቀው።

ሥራው ጎሚስታ ነው። ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ መውጫ ላይ፣ ከዳኘ የግንባታ ዕቃ መደብር አጠገብ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል የመኪና ጎማ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ዳኘ ጉራጌ ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ ምላሱ ደግሞ ከሚሸጠው ምስማር ይሾላል። "የሌላው ሙስሊም ረመዳን አንድ ወር ነው" ይለዋል ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ፤ "ያንተን ማን ነው አሥራ ሁለት ወር ያደረገብህ?" ረሻድ ይስቃል፣ ዳኘም ይስቃል። ስቆ ሲጨርስ ግን ዳኘ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል፤ ምክንያቱን ያውቃልና።

ምክንያቱ ሙራድ ነው። ሙራድ የረሻድ የበኩር ልጅ ነበር። አንድ ቅዳሜ በክረምት፣ ከአክስቱ ቤት ሲመለስ፣ በሆመቾ መንገድ ላይ መኪና ገጨውና ሞተ። የገጨው መኪና አልቆመም። ዝናብ ነበር፣ ጭጋግም ነበር፤ ያየ ሰው አልተገኘም፣ ወይም ያየው ሰው አልተናገረም። ፖሊስ ጠየቀ፣ መዘገበ፣ ከዚያም ሌላ ሥራ መጣበት። ልጁም በአሥራ ስድስት ዓመቱ አፈር ገባ።

እንግዲህ በዚህ አገር ሰው የሰው ነፍስ ካጠፋ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደሙን እስኪያደርቁት ድረስ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን በአንድ ገበታ አይቀርቡም። በአንድ ዕቃ ውኃ አይጠጡም። ገዳይ "እኔ ነኝ" ብሎ ይወጣል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ይክሳል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች እጃቸውን በአንድ ገበታ ላይ አድርገው ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ወንድማማቾች ናቸው። ከዚያ በፊት አብሮ የበላን ሰው ግን ደሙ ይከተለዋል ይባላል፤ ቤቱ ይገባል፣ ልጆቹ ላይ ይወጣል። የመስጊዱ ኢማም "ይህ በዲናችን የለም፣ ራስህን አታሰቃይ" ብለው ስንት ጊዜ መክረውታል። ረሻድ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው፤ ያቀረቡለትን ሻይ ግን እንደተቀዳ ትቶት ወጣ።

ገዳዩ ቢታወቅ ኖሮ የሚሸሸው አንድ ገበታ ብቻ ነበር። ስላልታወቀ የከተማው ገበታ ሁሉ የገዳዩ ሊሆን ይችላል። "የልጄን ደም ከወጥ ጋር እንዳልውጥ ነው" ይላል ለሚስቱ ለረሂማ። በዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ማዕድ ብቻ ቀረለት፤ ማታ ማታ ረሂማ የምታቀርበው፣ ሦስቱ፣ እሱ፣ ረሂማና ልጃቸው ኢክራም፣ ከብበው የሚበሉት ነው። እዚያ ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። ይቀልዳል፣ ያወራል፣ ኢክራምን እንደ ሕፃን ያጎርሳታል፤ እሷም መልሳ ታጎርሰዋለች። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረ።

ኢክራም አድጋ፣ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዋን ይዛ፣ በሐጂ ሙክታር የዱቄት ፋብሪካ ከተቀጠረች ዓመት አልፏታል። ሐጂ ሙክታር የዳምቦያ ሰው ናቸው። በእህል ንግድ ተነሥተው፣ አዲስ አበባ ገብተው፣ ሀብት ይዘው ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሆሳዕና መጡ። በየስብሰባው "ልማታዊ ባለሀብት" ተብለው ከፊት ወንበር የሚቀመጡ፣ በሽምግልናም ስማቸው የሚጠራ ሰው ናቸው። ኢክራምን የቀጠሯት ማስታወቂያ ሳያወጡ፣ ሳይፈትኑ፣ ቤቷ ድረስ ሰው ልከው ነው። ያን ጊዜ ረሂማ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችላቸው። ፋብሪካውን የሚያስተዳድረው ልጃቸው መሐመድአሚን ነው፤ ዝምተኛ፣ ትሑት፣ ቀና ብሎ ሰው የማያይ። ኢክራም ወደደችው። እሱም ወደዳት፤ ይህንንም አባትና እናቷ ሰምተዋል።

አንድ ምሽት ማዕድ ላይ እንዳሉ "እሑድ ለምሳ ደጋ ክለብ ጋብዘውናል" አለች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሣ። "አንተን፣ እማን፣ እኔንም። ሐጂ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።"

ረሻድ ማላመጡን አቆመ። "ሽማግሌ ሳይልኩ?"

"ሽማግሌ ከምሳው በኋላ ይላካል ብለዋል።"

"የት አገር ነው ምሳ ቀድሞ ሽማግሌ የሚከተለው?" ለልጁ ሚስት የሚፈልግ ሰው ሽማግሌ ልኮ ደጅ ይጠናል እንጂ የልጅቷን አባት ምሳ አይጠራም። ይህን ደግሞ በሽምግልና ያረጁት ሐጂ ሙክታር አያውቁትም አይባልም።

ኢክራም ዕቃ ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ረሂማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረችው። "አንዱን ልጄን መንገድ በላብኝ። ይቺን ደግሞ አንተ በጾምህ ቤት ልታስቀርብኝ ነው? እምቢ ካልክ ናቁን ነው የሚሉት፤ አለቀ።"

"የማን ገበታ እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ልቅረብ?"

"ሰውዬው ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበሩ፤ አገር የሚያውቀው ነው። ትናንት የመጣን ሰው በምን ትጠረጥራለህ?"

ረሻድ አሰበ። ሰባት ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው አንድ በአንድ በልቡ ሲመረምር ኖሯል፤ ሐጂ ሙክታርን ግን መርምሯቸው አያውቅም። ኢክራም ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ስትተነፍስ ይሰማዋል። "እሺ" አለ በመጨረሻ፤ "ለእሷ ስል እሄዳለሁ።"

ዳኘ ሲሰማ መዳፉን በመዳፉ መታ። "ጉድ በል! እኔ ቤት ቂጣ አልቀምስ ብለህ ጾምህን የምትፈታው ደጋ ክለብ ነው? ወይ መመራረጥ!" ከዚያ ሳቁን ተወው። "ብቻ ረሻድ፣ ዓይንህን ክፈት። እንዲህ ያለ ሀብታም ጎሚስታ የሚጋብዘው ናፍቆት ይዞት አይደለም።"

እሑድ ረፋድ ላይ መኪና ተላከላቸው። መሐመድአሚን ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጧል። ኮብልስቶኑን ጨርሰው ወደ ኮረብታው ሲወጡ ካፊያ ጀመረ፤ የልጁ እጅ የመቀመጫውን ጠርዝ ጭብጥ አድርጎ ያዘ። "መንዳት አይችልም እንዴ?" አለ ረሻድ በኢክራም ጆሮ። "መኪና ይፈራል" አለችው፤ "ሲዘንብማ ይብስበታል።" ረሻድ የልጁን ማጅራት እያየ ሄደ።

ደጋ ክለብ ከከተማው በላይ ነው። አባል ወይም የአባል እንግዳ ያልሆነ ሰው በሩን አያልፍም። ቀድሞ የገበሬ እንሰት የነበረበት ቦታ አሁን የተከረከመ ሳር ሆኗል፤ እየዘነበ እንኳ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ በመካከሉ ይሽከረከራል። በእነ ረሻድ ሰፈር ውኃ በሳምንት አንዴ ከመጣ እልል ይባላል። ሰማያዊ መዋኛ ገንዳም አለ፤ በሆሳዕና ብርድ ማን እንደሚዋኝበት አላህ ይወቅ። ከገንዳው ወዲያ ሐምበሪቾ ተራራ ይታያል ተብሎ ነበር የሚወራው፤ የዚያን ቀን ግን ጭጋጉ ተራራውን ውጦ፣ መስኩንም እየበላ ወደ ምግብ ቤቱ መስታወት ይጠጋ ነበር።

ውስጡ ሞቃት ነው። ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ በየሰው ፊት ሦስት ዓይነት ሹካ ተደርድሯል፤ ሰዎቹ ሲያወሩ ድምፃቸው አይሰማም። ረሂማ ሻርፗን ደጋግማ አስተካከለች። ሐጂ ሙክታር ከሩቅ ሲያዩዋቸው ተነሥተው መጡ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። የረሻድን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና አልለቅ አሉ፤ መዳፋቸው ላብ ነበረው። የሳቸው አፍ መፍቻ ከምባትኛ፣ የረሻድ ሀድይኛ ስለሆነ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። "ወንድሜ ረሻድ" አሉ፤ "ይህን ቀን ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለህ።"

የተቀመጡት ከመስታወቱ ሥር፣ ከሌላው ሰው ራቅ ባለ ጥግ ነው። ትርፊት የምትባል አስተናጋጅ ለእያንዳንዳቸው ሰሃን ደርድራ ሜኑ ልታድል ስትል ሐጂ እጃቸውን አነሡ። "ሰሃኑን አንሺው፣ ልጄ። ሜኑም አንፈልግም። የላክሁት ምግብ ይምጣ፤ በአንድ ገበታ ነው የምንበላው።"

ትርፊት ግራ ገባት። "ሐጂ፣ እዚህ እኮ ሁሉም ለየራሱ ነው የሚበላው። ሼፉም ምን አጠፋሁ እያለ ነው።"

"ምንም አላጠፋም። በአንድ አምጪው።"

ሰሃኑ ተነሣ፣ ሹካው ተነሣ፣ ነጩ ጨርቅ ባዶውን ቀረ። ጥቂት ቆይታ ትርፊት በእንሰት ቅጠል የተከደነ ሰፊ ገበታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ከዚያ ሹክሹክታ ከሚበዛበት ቤት መሃል የቅቤ ሽታ ተነሣ፤ ዙሪያ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩ። ቅጠሉ ሲገለጥ አታካና ነው፤ ለትልቅ ቀን የሚሠራው፣ ቡላው በወተትና በቅቤ የበሰለው። ከሐጂ ቤት ተሠርቶ የመጣ ነው። አንድ ሰው የከተማውን ውድ ምግብ ቤት ይዞ፣ የሚበላውን ግን ከቤቱ ያስመጣል? ረሂማ በደስታ ፊቷ በራ፤ አከበሩን ብላ ነው።

"ቢስሚላህ" አሉ ሐጂ። "ብሉ።" ራሳቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም። መሐመድአሚንም አልዘረጋም። ሁለቱም የረሻድን እጅ ያያሉ።

ረሻድ እጁን ወደ ገበታው ሰደደ። ጣቶቹ የምግቡን ሙቀት ነኩ። በዚያች ቅጽበት ልጅ ሆኖ አባቱን ተከትሎ የሄደበት አንድ ግቢ ትዝ አለው፤ የገዳይና የሟች ወገን በአንድ ገበታ ዙሪያ ቁጢጥ ያሉበት። ያኔም ሳቅ የለም፣ ወሬ የለም፤ የገዳይ አባት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የሟች አባት እስኪጀምር ይጠብቅ ነበር። እጁን ቀስ አድርጎ መለሰና ጣቶቹን በጨርቁ ጠረገ።

"ሐጂ፣ ይህ ገበታ የምን ነው?"

"የዝምድና ነው እንጂ የምን ይሆናል?"

"ለዝምድና ሽማግሌ ይላካል። ይህንን እኔ አውቀዋለሁ፤ እርስዎም ያውቁታል።"

"ብላ፣ ወንድሜ" አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "አንዴ ብቻ ጉረስ። ከዚያ የጠየቅኸኝን ሁሉ እነግርሃለሁ።"

"ሰምቼ ነው የምጎርሰው።"

ረሂማ አንዱን ከአንዱ ታያለች፤ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ተረስቶ ቀርቷል። ያን ጊዜ አንድም ቃል ያልተናገረው መሐመድአሚን "እኔ ነኝ" አለ። "ሙራድን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ተናገረ። ለክረምት ዕረፍት መጥቶ፣ አባቱ አንጋጫ የእህል ግዢ ላይ እያሉ ፒካፓቸውን ይዞ በሆመቾ መንገድ ወጣ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ መንጃ ፈቃድም አልነበረውም። በዝናቡ ምንም አላየም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሰማው። ወርዶ አየና ሮጠ። አባቱ በዚያው ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ሄዱ፣ መኪናውም ሌላ አገር ተሸጠ። "ልናገር ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ" አለ፤ "አባቴ ነው የከለከለኝ።"

ሐጂ ሙክታር በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰሉ። "ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሰላም የለውም። እናቱ ሞተች። ሴቷ ልጄ ሁለት ጊዜ ወለደች፣ ሁለቱንም ቀበርኩ። ሐጅ አደረግሁ፣ ሰደቃ ሰጠሁ። ደሙ አልለቀቀኝም።"

"ታዲያ ለምን አልመጣህም?" ረሻድ እርስዎ ማለቱን ትቶታል። "ሽማግሌ ብትልክ በሬን እዘጋብህ ነበር?"

"ልጄ ይታሰራል ብዬ ፈራሁ። አንዴ አብረኸኝ ከበላህ ደሙ ደርቋል፣ ከዚያ በኋላ ብነግርህ አትከሰኝም አልኩ።"

"ደም በስርቆት አይደርቅም!" አለ ረሻድ። ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው የሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሹክሹክታ ቆመ። ትርፊት በሩ ጋ ደንግጣ ቀረች። ረሻድ ተነሣ፤ ረሂማም ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ ተነሣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። "ኢክራም፣ ተነሺ" አለ።

ኢክራም አልተነሣችም። ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መዳፏን ታያለች።

"አባ" አለች። "እኔ በልቻለሁ።"

"አሁን? መቼ?"

"ዛሬ አይደለም።" ወደ መሐመድአሚን ዞረች። "ፋብሪካው ውስጥ። ምሳ ከቤታቸው ይመጣል፤ በአንድ ሰሃን ነው የምንበላው። ከተቀጠርኩ ጀምሮ።" ከዚያ ጠየቀችው፤ "የማን እህት እንደሆንኩ ታውቅ ነበር?"

"መጀመሪያ አላውቅም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን ዝም አልኩ" አለ። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

"እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። "የቀጠርኳትም፣ ምሳውን በአንድ ሰሃን ያስላክሁትም እኔ ነኝ። በእሷ በኩል ቀስ እያለ ይደርቃል ብዬ ነበር። ልጄም ሳይወዳት በፊት።"

ረሻድ ወንበሩን ተደገፈ። ልጅቷ ቀን ቀን ከገዳዩ ጋር ትበላለች። ማታ ማታ ደግሞ በዚያው እጇ ከአባቷ ትሪ ላይ ትጎርሳለች፤ ታጎርሰዋለች። ዓመት ሙሉ። የከተማውን ገበታ ሁሉ ሲሸሽ ኖሮ ደሙን ከእጇ እየተቀበለ የዋጠው በገዛ ቤቱ፣ በሳቁ መሃል ነው። ሊተፋው ፈለገ፣ የሚተፋ ነገር ግን አልነበረም።

"ሽማግሌ ላክ" አለ በመጨረሻ። "የምትልከው ለጋብቻ አይደለም።"

መሐመድአሚን "ነገ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ" ሲል ሰማው።

የመጡበትን መኪና አልፈለጉትም። በጭጋጉ ውስጥ ኮረብታውን በእግራቸው ወረዱ፤ ረሻድ ከፊት፣ ረሂማ ከኋላው፣ ኢክራም ደግሞ ከሁለቱም ርቃ። ረሻድ ሁለት ጊዜ ቆሞ ጠበቃት። እሱ ሲቆም እሷም ቆመች።

ማታ ረሂማ ማዕዱን አቀረበች፤ ልማድ ሆኖባት እንጂ የራበው ሰው አልነበረም። ኢክራም ከጓዳ የራሷን ሰሃን ይዛ ወጥታ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?" አለ ረሻድ።

"ከናንተ ጋር መብላት አልችልም፣ አባ። ታውቀዋለህ።"

ረሻድ ፈርቶ ነበር፤ በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። የሐጂን ሁለት የተቀበሩ ሕፃናት አሰበ። ሙራድን አሰበ። ከዚያም በሩ ሥር ተኮራምታ የተቀመጠችውን አያት፤ ከሞተው ሌላ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

"ነይ ቅረቢ" አለ። "ደሙ ከገባብሽ እኔም ላይ ይግባ። ብቻሽን አትበዪም።"

መጣች። ቁራሽ ጠቅልሎ አጎረሳት፤ ወጡ አገጯ ላይ ፈሰሰ። እያለቀሰች ዋጠችው። ረሻድም ከዚያው ቆርሶ በላ፤ ከዚያ ትሪውን ወደ ረሂማ ገፋ አደረገ።

ረሂማ ትሪውን አየችው። እጇን ከጭኗ ላይ አላነሣችም።

"ሳላውቅ የበላሁትን አላህ ይቅር ይለኛል" አለች። "አውቄ ግን የልጄን ደም አልበላም።"

ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።